አጥሩ በፈረሰበት ሳምንት

የግቢያችን አጥር የፈረሰው ወንድሜ ሮቢ ከሞተ በኋላ ነው፤ እናቴ ግን መሞቱን ገና አልሰማችም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ሳምንት በልጅ ዐይን እንዳየሁት ብቻ ብተርከው የደስታ ታሪክ እንዳይመስል ስለምሰጋ ነው። ለእኔ ለኢያኤል፣ የቤቱ ታናሽ ለነበርኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከዚያ የደመቀ ሳምንት አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ይጠብቀኛል። የጎረቤት ሴቶች ሳልጠይቃቸው ብስኩት ያስይዙኛል። በወትሮው ሰላምታዬን የማይመልሱ ሽማግሌዎች ራሴን ይዳብሱኛል። ይህ ሁሉ ክብር የአጥሩ ነው ብዬ አምን ነበር።

ጊዜው ሚሌኒየሙ በተከበረ በማግሥቱ ዓመት ነው። ሐዋሳ በዚያ ዘመን ልብሷን እንደምትለውጥ ሴት አጥሯን ትለውጥ ነበር። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የቀርከሃውና የዛገው ቆርቆሮ እየተነሣ፣ በምትኩ ፀሐይ ሲያርፍበት ዐይን የሚወጋ የአሉሚኒየም አጥር ይቆም ጀመር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ከነዚያ አጥሮች በአንዱ ፊት ቆም ትልና በመዳፏ ትዳስሰዋለች። «አይዝግም አሉ» ትለኛለች። ሮቢ እሑድ እሑድ ከደቡብ አፍሪካ ሲደውልም ነገሩን ታነሣበታለች። እሱም ይስቅና «እማዬ፣ መጀመሪያ ጣሪያውን» ይላታል። ሮቢ ጨዋታ ያውቃል እንጂ የማይፈጽመውን ቃል አይሰጥም ነበር።

ሮቢ የሞተው ከከተማ ወጣ ባለ ሠፈር በሚሠራባት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ሌቦች በመሸጫው የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ተኩሰው ገደሉት። ወሬው የደረሰው አባቴ ፍቅሬ በሚሠራበት የግብርና መሥሪያ ቤት ስልክ ነው። አባቴ በቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም፤ ወደ እድራችን ሰብሳቢ ወደ ጋሽ ኃይለሚካኤል ቤት ሄደ። እንደ አገሩ ደንብ የልጅ ሞት ለእናት በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ሳለችም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በግራና በቀኝ የሚደግፋት ክንድ ተዘጋጅቶ መርዶዋን ትረዳለች። እናቴ ደግሞ ደም ብዛት አለባት፤ የእኅቷን ሞት በድንገት የሰማች ጊዜ ወድቃ ፊቷ በአንድ ወገን ተጣሞ ከርሞ ነበር። ስለዚህ አስከሬኑ አገር ቤት እስኪገባ ድረስ እንዳትሰማ ተወሰነ።

ችግሩ ግቢያችን ጠባብ መሆኑ ነው። የእድሩ ድንኳን የፊቱ አጥርና ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር የሚያዋስነን አጥር ካልተነሡ አይገባም። የአንዲትን ሴት አጥር ደግሞ ምክንያት ሳይነግሩ ማፍረስ አይቻልም። ምክንያቱን የፈለሰፈችው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሷ መሆኗን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የእናቴን ምኞት ከእርሷ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በአገራችን ለሐዘንተኛ ሲባል የሚነገር ውሸት ውሸት አይባልም። ስሙ ይለወጣል፤ ማስተዋል ይባላል፤ ጨዋነት ይባላል። እኔ ዛሬ በዚህ ስያሜ አልስማማም።

አባቴ ሙክታርን ይዞ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሙክታር መሃል ከተማ የአሉሚኒየም ሥራ ድርጅት ያለው፣ ጢሙን አሳጥሮ የሚከረክም፣ እርሳስ ከጆሮው ኋላ የማይለየው የስልጤ ሰው ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ታቢታ፣ ሮቢ ሰው ልኮልሻል» አለ አባቴ።

«ማንን?»

«አጥር የሚሠራ። የአሉሚኒየም አጥር ይሠራላት ብሏል።»

እናቴ አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ እንግዳውን አየች። «ጣሪያው ሳይሠራ?»

«ጣሪያውም ይደርሳል ብሏል።»

«ይሄ ልጅ ለይቶለት አበደ!» ብላ ስትስቅ ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራቶ ምስሩ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። ልትለቅመው አልሞከረችም። «አንተስ የኔ ልጅ፣ እንዴት አገኘህ? ደወለልህ?»

ሙክታር ወደ መሬት አየ። «በጋሽ ፍቅሬ በኩል ነው፣ እትዬ።»

«ጌታ ዕድሜውን ያርዝምልኝ! ከእኔ ቀንሶ ለእሱ ይጨምርለት! ምነው ዝም አላችሁ፣ አሜን በሉ እንጂ!»

እኔ ጮኼ አሜን አልኩ። አባቴ ወደ ውሃ ቧንቧው ዞሮ ፊቱን ይታጠብ ጀመር። ሙክታር ሜትሩን ከወገቡ እያወጣ «አሚን» አለ፤ የሰማሁት ከአጠገቡ ስለቆምኩ ብቻ ነው። አባቴ ብዙ ታጠበ። የመንገዱ አቧራ ነው አልኩ በልቤ።

በዚያ ሳምንት አባቴ በየማለዳው ጢሙን ይላጭ ነበር። ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ሲወጣ አጥሩ ያኮራው ይመስለኝ ነበር። ልጅ የሞተበት አባት ጢሙን እንደማይላጭ ያኔ አላውቅም። ሐዘኑን በየማለዳው ከፊቱ ላይ እየላጨ ነበር የሚወጣልን።

በማግሥቱ ማፍረስ ተጀመረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። ከዚያ በፊት አንድ የቀርከሃ ዘንግ ወደ እርሷ ዘመመ ብላ ቀበሌ ድረስ ከሳናለች። ያን ቀን ግን ምስማሩን በገዛ መዶሻዋ ትነቅል ነበር።

«ታመምሽ እንዴ፣ ጥሩወርቅ?» አለቻት እናቴ። «ያለ ጠብ አጥር የምታስነቅዪው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምን ላድርግ? ባለ ደቡብ አፍሪካ ሆነሽብኝ!»

«ቅናት ነው በይኛ!»

«ቅናት ነው፤ አልዋሽሽም። እንግዲህ ያንቺን ብልጭልጭ እያየሁ በርበሬዬን ስወቅጥ ልኖር ነው» አለችና ድምፁ ከመሃል ተሰበረባት። የነጠላዋን ጫፍ ዐይኗ ላይ አደረገች።

«ምነው?»

«በርበሬው ነው። ዐይኔ ገባ።»

ሙቀጫዋ ግን ከወጥ ቤቷ ደጃፍ ተደፍቶ ይታየኝ ነበር። አየሁት፤ ትርጉም ግን አልሰጠሁትም።

ሙክታር ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠረ። ቋሚ በሚቆምበት በየልኩ የኖራ ነጥብ አደረገ፤ ሠራተኞቹም ነጥቡን እየተከተሉ ቆፈሩ። እኔ ከአጠገቡ አልጠፋም ነበር። «የሐዋሳ አፈር አሸዋ ነው፣ ይናዳል» አለኝ አንድ ጊዜ። «ጉድጓዱ ጠልቆ ታቹ ካልሰፋ፣ ቋሚው በመጀመሪያው ክረምት ይዘማል። ከላይ የምታዪው ብልጭልጩ አይደለም አጥር ማለት፤ ከታች ያለው ኮንክሪት ነው።» ስለ ሥራው ሲናገር ድምፁ ይስተካከላል፤ ቀና ብሎም ያያል። እናቴ ብቅ ስትል ግን አንገቱን ይደፋ ነበር። ዐይን አፋር ነው አልኩ።

ጉድጓዶቹ ከተቆፈሩ በኋላ ባዶአቸውን ቀሩ። እናቴ ጧት ማታ እየወጣች ታያቸዋለች።

«ሙክታር፣ ቋሚው የታል?»

«መብራት በፈረቃ ሆኖብን እኮ ነው፣ እትዬ። መቁረጫው ያለ መብራት አይሠራም።»

«ትናንት ማታ ነበረ እኮ።»

«በእኛ በኩል አልነበረም።»

እናቴ ፈገግ አለች። ልጅ ከኋላው የደበቀውን ነገር አይታበት እንዳላየች የምትሆን ሴት የምታሳየው ዓይነት ፈገግታ ነበር። ያን ዕለት ወደ ጓዳ ጠራችኝና ጸጉሬን እያበጠረች በጆሮዬ ተናገረች።

«ኢያኤል፣ ምስጢር መያዝ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ወንድምሽ ሊመጣ ነው።»

ልጮህ ስል አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት በጣቶቿ መካከል።

«ማንም። ዐይን የለኝም እንዴ? አጥሩ ፈረሰ፤ ቋሚው አይተከልም። ለምን? ድንኳን ሊጣል ነዋ! ጋሽ ኃይለሚካኤል ልጃቸውን ሲድሩ እንዲህ አይደል አጥራቸው የተነሣው? አባትሽ ከሽማግሌ ጋር ሲንሾካሾክ ይውላል። ሃሴትስ? ይኸው ድምጿ ጠፋ። ሙሽራ አማቷ ቤት አትመላለስም።»

ሃሴት የሮቢ እጮኛ ነበረች። በየቀኑ ማለት ይቻላል ብቅ ትል የነበረች ልጅ ድንገት የጠፋችው የእናቴን ፊት ማየት ስላልቻለች ነው።

«ታዲያ እሑድ ለምን አልደወለም?» አልኩ።

«ፈርቶ! ሮቢ ከድምፁ ላይ ይነበባል፤ እኔን መዋሸት አይችልም።»

«ለአባዬ እንንገረዋ።»

«ተይ! ደስታቸውን እንዳታበላሺባቸው። እኔም የማላውቅ ሆኜ እደነቅላቸዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ በአንድ ቤት ሁለት ምስጢር ተቀመጠ። እነርሱ ሞቱን ከእርሷ ይሸሽጋሉ፤ እርሷ ደስታዋን ከእነርሱ ትሸሽጋለች። ሁለቱም ወገን ለሌላው አዝኖ ነበር የሚዋሸው። የእድሩ ወንበሮችና ድስቶች በወይዘሮ ጥሩወርቅ በረንዳ ላይ በሸራ ተሸፍነው ሲከመሩ እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። አባቴ የሮቢን ፎቶግራፍ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዶ «መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ላስቀይረው» ብሎ ሲወጣ ደግሞ ጠቀሰችኝ። መስተዋቱ ደኅና ነበር። ፎቶግራፉ ለለቅሶ እንዲተልቅ ነው የተወሰደው።

በመጨረሻው ቀን እናቴ ፒያሳ ሄዳ ጸጉሯን ተሠራች። ከሣጥን ታች አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚሷን አውጥታ ተኮሰችው። አመሻሹ ላይ ጋሽ ኃይለሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ ሹሩባዋን አይተው በጉድጓዶቹ መካከል ቆሙ።

«ምነው ጋሼ፣ አላማረብኝም?» አለቻቸው እየሳቀች። «አጥር ሲመረቅ ባዶ ራሴን ልቁም እንዴ?»

«አምሮብሻል» አሉና ሳይቀመጡ ተመለሱ። አባቴ ሊሸኛቸው ወጣ። መንገድ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ ጋሽ ኃይለሚካኤል ከዘራቸውን ደጋግመው መሬት ይመቱ ነበር። ስለ አጥሩ ይጣላሉ ብዬ አዘንኩ። በኋላ አባቴ እንደነገረኝ፣ «አሁኑኑ እንንገራት፤ ይህ ኃጢአት ነው» ብለውታል። እርሱም «አስከሬኑ ዛሬ ቦሌ ይገባል፤ እስከ ጧት ብቻ» ብሎ ለመናቸው። ያቺን እስከ ጧት ያለችውን ጊዜ እናቴ ለአባቴ ዕድሜውን ሙሉ ይቅር አላለችለትም።

ጎሕ ሲቀድ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ቀድማኝ ተነሥታለች፤ ቀሚሷን ለብሳ፣ የጆሮ ጌጧን አድርጋ ከበሩ ኋላ ቆማለች። «መጣ» አለችኝ በትንፋሿ።

አጥርም የውጭ በርም ስላልነበረ ማንም አላንኳኳም። ሰዎቹ በነጫጭ ጋቢና ነጠላ ተጠቅልለው፣ ጉድጓዶቹን እየዘለሉ በዝምታ ገቡ። በዚያ ድንግዝግዝ ብርሃን ሠርገኛና ለቀስተኛ አይለይም። እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ፊቷ ላይ ያዘጋጀችው መደነቅ ነበር፤ ሳቋ ግን እያመለጣት ያበላሽባት ነበር።

«ጋሽ ኃይለሚካኤል! በዚህ ማለዳ? ምን ልትሉኝ ነው?» አለች። ከዚያ መታገሥ አቃታትና «ገባ?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ኃይለሚካኤል መርዶ በመንገር የታወቁ ሰው ነበሩ። ቃሉን፣ ጥቅሱን፣ ማጽናኛውን ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ሁሉም ጠፋባቸው።

«ገብቷል፣ ታቢታ» አሉ።

«የታል? መኪናው ውስጥ ነው?»

«እንደ ወጣ አልተመለሰም፣ ልጄ።»

እናቴ ገና ፈገግታዋን አልሰበሰበችም ነበር። ከኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ መያዝ አቅቷት ጮኸች፤ የሌሎቹም ጩኸት ተከተለ። እናቴ ወደ ታች፣ ወደ ገዛ ቀሚሷ አየች። ጥለቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀደደችው። ጆሮዋን ጎትታ ጌጡን ስትነቅለው ደም አንገቷ ላይ ወረደ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እመለከት ነበር። እደነቅላቸዋለሁ ብላኝ ነበርና እየተደነቀችላቸው መሰለኝ። ከዚህ በላይ ጥሩ አድርጎ የሚደነቅ ሰው አይኖርም አልኩ። አጨበጨብኩ።

ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። እናቴ የደገፏትን ክንዶች ጥሳ ወደ መንገዱ፣ ወደ መኪናው ሮጠች። እግሯ ከጉድጓዶቹ ባንዱ ውስጥ ገብቶ በግምባሯ ተደፋች። አሸዋው ተናደባት። ከዚያ ሲያወጧት ቁርጭምጭሚቷ ወደ ጎን ዞሮ ነበር፤ እርሷ ግን ስለ እግሯ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ትናንት ጸጉሬን ተሠርቼ» ትል ነበር፤ ደጋግማ ያንኑ ብቻ። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ቆመ። ልኩ አስቀድሞ ተወስዶ ስለነበር ለማቆም አልተቸገሩም።

ድንኳኑ ተነሥቶ፣ አስተዛዛኙ ሲመናመን፣ አንድ ቀን ሙክታር አካፋ ይዞ ብቻውን መጣ። እናቴ እግሯን በጀሶ ታስራ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«ጉድጓዱን ልደፍን ነው፣ እትዬ» አላት። «ልጅ ይወድቅበታል።»

«ቆይ» አለችው። «ይህን አጥር ማን ነው ያዘዘህ?»

አባቴ ከቤት ወጣ። «ታቢታ፣ ሮቢ እኮ ሁልጊዜ በልቡ—»

«አንተ ዝም በል፣ ፍቅሬ። የማውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቄ ጨርሻለሁ። አሁን የምጠይቀው የማላውቀውን ነው።»

ሙክታር አካፋውን መሬት ላይ አጋደመ። «ጋሽ ፍቅሬና ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው ያዘዙኝ።»

«መቼ?»

«ልጅዎ ካረፈ በኋላ።»

«አሜን በሉ ስላችሁ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልጄስ ስለ አጥር ያለው ነገር አለ? አንድም ቃል?»

ሙክታር ወደ አባቴ አላየም። «እኔ የሰማሁት የለም፣ እትዬ። ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።»

ለዚያች ሴት ከልጇ የደረሳት የመጨረሻ ስጦታ በዚያች ቅጽበት ከእጇ ወጣ። ሙክታር እንዲያዝንላትና አንዲት ትንሽ ነገር እንዲተውላት የፈለግሁ ይመስለኛል። እናቴ ግን ትከሻዋ ወረድ አለ፤ የተጨመደደ ነገር የተፈታላት ያህል። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው። ከዚያም «እንግዲያው ትከለው» አለች።

«እትዬ?»

«አጥር ያስፈልገኛል። ግን ሽፍኑን አይደለም። ዘንግ ዘንጉን፤ በመካከሉ የሚያሳየውን።»

«መንገደኛ ሁሉ ሊያየን ነው እኮ» አለ አባቴ።

«ይየን። እኔም ልየው።»

ሙክታር በዚህኛው ጊዜ ስለ መብራት ምክንያት አልሰጠም። ቋሚዎቹን በውሃ ልክ እያየ አቆመ፤ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር አግዳሚ አልጫነበትም፤ ዘንጎቹን በየልካቸው አስገብቶ ብሎናቸውን አንድ በአንድ ዳግመኛ አጠበቀ። ሲጨርስ አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አንድ መሥመር ሆነ። እናቴ በምርኩዟ እየዞረች እያንዳንዱን ቋሚ ይዛ ስትነቀንቅ አየሁ። አጥሯን አግኝታ ተጽናናች አልኩ። ትምህርት ቤትም ሄጄ ይህንኑ አወራሁ።

አልተጽናናችም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆማ ስታለቅስ እናቴ ያለቻትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ልጄን የገደሉት ሌቦች ናቸው። በሬሳው ላይ ያሳቃችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ።» ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ በረንዳው ላይ መቀመጥ ልማዷ ሆነ። ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ባንድነት ሲያልፉ ካየች አጥሩን ይዛ ትቆማለች። «ለማን ነው የምትሄዱት?» ትላቸዋለች። «ደኅና ነው፣ ታቢታ» ይሏታል። «ለማን ነው?» ትላለች አሁንም፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ መርዶው የተያዘላት፣ ገና ያልነቃች ሴት ቤት ድረስ እስኪሰማ። ሽማግሌዎቹ በኋላ በኋላ መንገዳቸውን በጀርባው ሠፈር አደረጉ። ጨካኝ አሏት። እኔም እስካድግ ድረስ ጨካኝ ትመስለኝ ነበር፤ በእርሷም አፍር ነበር።

ከአባቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ልብሱን ታጥብለታለች። ጥያቄ ግን ጠይቃው አታውቅም። ከውጭ ሲገባ ዝናብ ይጥል እንደሆነ እንኳ እርሱን ትታ እኔን ትጠይቃለች። እርሱም ይህን ያውቅ ነበር፤ እየገባ ሳለ ሳይጠየቅ «ዝናብ የለም» ይላል። እናቴ ወጥታ ሰማዩን ታያለች።

አባቴ የሞተው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ ነው። ከእኔ በቀር አስታማሚ አልነበረም። ነርሷ «ቤት ሄዶ የሚያረጋጋ ትልቅ ሰው አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጋሽ ኃይለሚካኤልን ቁጥር አውጥቼ ስልኩን በእጄ ይዤ ቆየሁ። ብደውል የሚሆነውን ዐውቀዋለሁ። «ደግ አደረግሽ፤ አንቺ ዝም በይ፤ ነገ ጧት እኛ እንመጣለን» ይሉኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ምን ያህል ቀላል መስሎ እንደታየኝ አልክድም። ሸክሙን ለሽማግሌዎች አስረክቤ፣ ማታ ቤት ገብቼ፣ «አባዬ ተሽሎታል» ብዬ ከእናቴ ጋር እራት መብላት እችል ነበር። ብዙ ደጋግ ሰዎች ያደርጉታል። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከባጃጁ ስወርድ እናቴ በዘንጎቹ መካከል አየችኝ። ከበረንዳው ተነሥታ፣ ያልተስተካከለ እግሯን እየጎተተች መጣችና ከአጥሩ ወዲያ ቆመች። በሩን አልከፈተችም። ከኋላዬ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች።

«ብቻሽን ነሽ» አለች።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ፍቅሬ?»

«ዐረፈ፣ እማዬ።»

«መቼ?»

«አሁን። ገላው ሳይቀዘቅዝ ነው የመጣሁት።»

«ከእኔ በፊት ማን ሰማ?»

«ከሐኪሞቹ በቀር ማንም።»

በዘንጎቹ መካከል ዐይኔን እያየች ቆየች። እኔም ዐይኔን አላሸሸሁም። ከዚያ ስለ አባቴ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ሲያልፍ ጠራኝ?»

አዎ ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። በዓለም ላይ ያንን ቃል የሚያስተባብል አንድም ሰው አልነበረም። ልጅ ሆኜ ከሙክታር የጠበቅሁት ያችን ትንሽ ምሕረት ነበር፤ አሁን በእኔ አፍ ላይ መጥታ ቆመች።

«አልጠራሽም» አልኳት። «ውሃ ጠየቀኝ። ሳይጠጣው አለፈ።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። በሩን ከፍታ አስገባችኝ፤ ከኋላዬም መልሳ ዘጋችው። የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አንሥታ ወገቧን ታጠቀች። ከዚያም በሁለት እጇ አጥሩን ይዛ ጮኸች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባዶ እግሯን ወጣች፤ የሌሎቹም በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። ያን ቀን የሠፈሩ ሰው ሞቱን የሰማው ከእርሷ ነው።